ይህን ዛፍ ማን ገዘተው?

በሲያትል ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከኋላ ቆማችሁ ስልካችሁን የምታዩ ልጆችም ጭምር፣ እንደምን አመሻችሁ!

ንግግር አድርግ ስባል ደንግጬ ነበር። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የማውቀው ንግግር የማቆሚያ ስም መጥራት ነው፤ እሱንም ዛሬ መኪናው ራሱ ይጠራዋል። ርዕሱ መናፈሻ ነው ሲሉኝ ግን አላስቻለኝም፤ እሺ አልኩ። ጽፌ የመጣሁት ደግሞ ለክብር ብዬ አይደለም። ያለ ወረቀት ከጀመርኩ እንደ ሬኒየር ጎዳና ማለቂያ የለኝም።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ሐኪም ቤት ነው። ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አየችና ስኳርህ አፋፍ ላይ ነው አለችኝ። ቀጥላም «በቀን ምን ያህል ትሄዳለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ወደ መቶ ማይል» አልኳት። ዓይኗን አፈጠጠች። «መሪ ይዤ ነው» ስላት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። አባቴ በሰባ ዓመቱ ገበያ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄድ ነበር። እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ደረጃ ስወጣ አለከልካለሁ።

በዚያው ቀን ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ሱዋርድ ፓርክ ሄድኩ። ልብ በሉልኝ፣ 50 ቁጥርን ስነዳ በዚያ ፓርክ በር ስንትና ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ፈረንጁን ከነውሻው፣ ከነብስክሌቱ አውርጃለሁ። «መልካም ቀን» ብዬ በሩን ዘግቼ እሄዳለሁ። እኔ ግን አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም።

ሱዋርድ ፓርክ ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ የገባ ጣት የሚመስል መሬት ነው። ስሙን ያገኘው አላስካን ከሩሲያ ከገዛው ሰውዬ ነው። ውሃውን ተከትሎ ዙሪያውን መሄድ 2.4 ማይል ነው፣ አራት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ብዙው ሰው የሚሄደው በዚህ ነው። እኔ ግን መንገድ ስቼ ወደ መሃል ገባሁ። መሃሉ ሌላ ዓለም ነው። ከ200 ዓመት በላይ የኖሩ ዛፎች አሉ። ዳግላስ ፈር ይሉታል፣ ሴዳር ይሉታል፤ የኛን ጥድና ዝግባ የሚያስታውስ ነገር አላቸው። ጫፋቸውን ለማየት ኮፍያ መያዝ ያስፈልጋል። መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ኮቴ አያሰማም። የመኪናው ጩኸት ጠፋ። ሽታው የረጠበ እንጨት ሽታ ነው። ቆምኩ። ሳላስበው እጄ ኮፍያዬን አውልቋል።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የተወለድኩት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ነው። አገሩ ሁሉ እርሻ ነው። ትልቅ ዛፍ የሚታየው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው እዚያ ነው ያለው። ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን መስኮት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቡናማው መሬት ላይ ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ቅጥር አንዲት ጭራሮ የሰበረ ልጅ መጀመሪያ በቄሱ፣ ቀጥሎ በአባቱ ይገረፋል። በግዝት የተያዘ ነዋ! ለማገዶ ሲባል ሁሉም በተቆረጠበት አገር ያ ደን የተረፈው በመጥረቢያ ፊት አንድ ቃል ስለቆመ ነው።

የኦሮሞ ወንድሞቼም ኦዳን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚወጣበት ዛፍ ነው። እሱንም ማንም አይደፍረውም። ስለዚህ «ሐበሻ ደን አይወድም፣ ዱር ውስጥ መንከራተት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም። ዛፍን ማክበር እዚህ መጥተን የምንማረው ነገር አይደለም። ተረስቶን ነው እንጂ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ። ቀጥሎ ባለቤቴ «ቅዳሜ ጠዋት የት ነው የምትጠፋው?» ብላ ተከተለችኝ። ከዚያ እህቷ መጣች። ዛሬ ስምንት ዘጠኝ ሰው እንሆናለን፣ ዝናብ ከሌለ አሥራ አራት። ከመካከላችን አንዲት የሰባ አንድ ዓመት እናት አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጅ ልጃቸውን ስኒከር አድርገው ነው የሚመጡት። ሁላችንንም ይቀድሙናል። አንድ ጊዜ እንደ አዳራሽ ምሰሶ የወፈረ ሴዳር ሥር ቆሙ፣ በእጃቸው ዳሰሱት፣ ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ይህን ዛፍ ማን ይሆን የገዘተው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ዛሬ ማታ የማወራችሁም መልሱን ነው።

ይህች ከተማ ዛፍ ቆራጭ ነበረች። የተመሠረተችው በእንጨት ነው። የመጀመሪያዎቹ ነጭ ሰፋሪዎች በ1851 አልካይ ላይ ከመርከብ ወርደው ብዙም ሳይቆዩ መጋዝ ተከሉ። ከሐይቁ እስከ ባሕሩ ያለው ኮረብታ ሁሉ ተመለጠ። በ1903 ግን የከተማው ሰዎች ጆን ቻርልስ ኦልምስቴድ የሚባል የመናፈሻ ነዳፊ አስመጡ። ሰውዬው ኮረብታውንና ዳርቻውን ዞሮ አየና ዕቅድ አወጣ። የዕቅዱ ዓላማ በግማሽ ማይል ርቀት ውስጥ መናፈሻ ወይም መጫወቻ የሌለው ቤት እንዳይኖር ነው። ሱዋርድ ፓርክ የሆነውን መሬት ከተማው የገዛው በ1911 ነው። ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ዛሬ የባለጸጋ ቤት ተደርድሮበት በአጥር ስንጥቅ ነበር የምናየው። የመጀመሪያው ገዛቺ እንግዲህ ወረቀትና ገንዘብ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ሲያትል ከ480 በላይ መናፈሻ አላት።

ሐይቁ ግን የኔ ተወዳጅ ታሪክ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ። ልጆቻችሁ በጁላይ ዘለው የሚገቡበት የዋሽንግተን ሐይቅ በ1950ዎቹ የፍሳሽ መጣያ ነበር። በዙሪያው ያሉት ከተሞች ከመጸዳጃ የወጣውን ውሃ እያጣሩም ቢሆን ወደ እሱ ይለቁ ነበር። ያ ፍሳሽ ለውሃ ውስጥ አረንጓዴ አተላ ማዳበሪያ ሆነ። ሐይቁ ሸተተ። በ1964 አንድ ነጭ ሳህን ወደ ውሃው ቢወርድ ከ76 ሳንቲ ሜትር በታች አይታይም ነበር። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤድመንድሰን ምን እየመጣ እንደሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። ጂም ኤሊስ የሚባል ጠበቃ ደግሞ ከተሞቹ ተባብረው ፍሳሹን የሚቆጣጠር አንድ መሥሪያ ቤት ያቋቁሙ ብሎ ተነሣ። በማርች 1958 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠበት። ወደቀ! ሰዎቹ ግን ቤታቸው አልገቡም። አስተካክለው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር እንደገና አቀረቡት። አለፈ። ከ1963 እስከ 1968 የፍሳሹ ቧንቧ ከሐይቁ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሄደ። በ1970ዎቹ ውሃው ሦስት ሜትር ድረስ የሚያሳይ ሆነ። አንድ ትልቅ ሐይቅ በድምፅ መስጫ ወረቀት ሲድን እኔ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም። ካለ ንገሩኝ።

ኤሊስ በዚያም አልበቃውም። በ1968 ደግሞ ለመናፈሻ ብቻ 118 ሚሊዮን ዶላር ሕዝቡን ጠየቀ። ሕዝቡ እሺ አለ። በዚያው ቀን ለባቡር የቀረበው ጥያቄ ግን የሚፈለገውን ያህል ድምፅ ሳያገኝ ወደቀ። ቀላል ባቡሩ የመጣው በ2009 ነው። እኔ ለአርባ ዓመት መዘግየቱ አላስከፋኝም፤ እንጀራዬ አውቶቡስ ነው።

ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ያላችሁ ጄኔሲ ፓርክን ታውቁታላችሁ። ያ ሜዳ እስከ 1960ዎቹ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር። ጋዝ ወርክስ ፓርክ ደግሞ፣ ሙሽሮቻችን ከዛጉት ማማዎች ሥር ፎቶ የሚነሡበት ማለቴ ነው፣ ከ1906 እስከ 1956 ከድንጋይ ከሰል ጋዝ የሚወጣበት ፋብሪካ ነበር። ብዙ ሰው ይፍረስ ሲል ሪቻርድ ሃግ የሚባል ነዳፊ አይፍረስ ብሎ ተከራከረ። በ1975 መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። ለሠርግ ፎቶ የዛገ ብረት ለምን እንደሚመረጥ እኔ እስካሁን አልገባኝም። ከኮረብታው ላይ ከተማው ሲታይ ግን ያምራል፣ አይካድም።

ዲስከቨሪ ፓርክን ለይቼ አነሣዋለሁ። 534 ኤከር ነው፣ ከሁሉም ይሰፋል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ባሕሩን ከታች፣ የኦሎምፒክ ተራሮችን በረዶ ከማዶ ታያላችሁ። ድሮ ፎርት ሎውተን የሚባል የጦር ሰፈር ነበር። ሠራዊቱ መሬቱን ሊለቅ ሲል ማን ይረከበው የሚል ጥያቄ መጣ። የመሬቱ ጥንተ ባለቤቶች፣ የአገሬው ተወላጆች፣ ከጨዋታው ውጪ ነበሩ። በማርች 1970 በርኒ ዋይትቤር የሚባል መሪያቸው ሰው አስከትሎ አጥሩን ዘሎ ገባ። ታሠሩ። ተመልሰው መጡ። በመጨረሻ ድርድር ተደረገና ከመናፈሻው 20 ኤከር ለ99 ዓመት ኪራይ አገኙ። ዴይብሬክ ስታር የሚባለው የባህል ማዕከላቸው በ1977 ተከፈተ፤ ዛሬም አለ፣ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኛ አጥር እንድንዘል አልመክርም፤ የግሪን ካርድ ጉዳይ ያላችሁ በተለይ። ግን ይህች ከተማ ለጠየቃት ሰው ጆሮ እንዳላት ታሪኩ ያሳያል። እኛ ጠይቀን እናውቃለን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ፤ በራሴም ጭምር ነው። ከፍለን የማንቀምሰው ድግስ ነው እኮ! በ2014 መራጩ ሕዝብ ለመናፈሻ የሚሆን ግብር በንብረት ላይ እንዲጣል ወስኗል። ቤት ያላችሁ በየዓመቱ ትከፍላላችሁ። «እኔ ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም» የምትሉም አላችሁ። አከራያችሁ ግብሩን ከኪሱ የሚከፍል መሰላችሁ? በኪራያችሁ ውስጥ አለላችሁ። ድግሱ ተደግሷል፣ ዋጋው ተከፍሏል፣ ድንኳኑ ክፍት ነው። እኛ በር ላይ በታክሲ፣ በኡበር፣ በአውቶቡስ እንግዳ እያወረድን እንመለሳለን።

ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ። የኔም ምክንያት ነበር። ጊዜ የለም። እውነት ነው፤ ሁለት ሺፍት የሚሠራ ሰው ተራመድ ሲሉት ስድብ ይመስለዋል። አላስገድድም። ግን በሁለቱ ሺፍት መካከል መኪና ውስጥ ስልክ ስናይ የምናጠፋውን ግማሽ ሰዓት ሁላችንም እናውቃታለን። ውሻው ያስፈራል የምትሉ ደግሞ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ከተለዩ ሜዳዎች ውጪ ውሻ ሳይታሰር መናፈሻ አይገባም። «እባክህ እሰረው» ማለት ነውር አይደለም።

ዝናቡስ? ለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ እንደኔ ትገረማላችሁ። አዲስ አበባ በዓመት ከሲያትል የበለጠ ዝናብ ታገኛለች! ልዩነቱ አወራረዱ ነው። እዚያ ክረምት ሲገባ ዶፉን ያወርደዋል፣ ጣራው ይጮሃል፣ ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች። እዚህ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት ይረጨናል። በዚያ ዶፍ ውስጥ ባዶ እግራችንን ትምህርት ቤት የሄድን ሰዎች ይህችን ርጭት እንፈራለን? ዝናቡ አይደለም የሚጎዳን፣ ጨለማው ነው። በዲሴምበር ቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚመለስ ሰው ሆዱ ይባባል፣ እንቅልፉ ይዛባል፤ ከዚያ «አገሩ ከበደኝ» ይላል። በምሳ ሰዓት ደመናም ቢሆን ውጪ ውጡ። ካፖርት ይኑራችሁ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ ይኑራችሁ። ጃንጥላ የያዘ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው፤ ነባሩ ሲያትሌ በኮፍያው ነው የሚያመልጠው።

ስለ ባሕሩም ልናገር። የባሕር በር የሌለው አገር ልጆች ነን፤ ባሕር አልለመድንም። መጀመሪያ አልካይ የሄድኩ ጊዜ ውሃው እግሬ ሥር ነበር። ከሰዓታት በኋላ ስመለስ ሸሽቶ ሄዷል፤ መሬቱ ተራቁቶ ድንጋዩ፣ አረንጓዴው ሳር፣ ቀይና ወይን ጠጅ ባለ አምስት እጅ ፍጥረት ሁሉ ተዘርግቷል። እውነቴን ነው፣ የሙሴ ነገር መሰለኝ። ኋላ ሲነግሩኝ ይህ ባሕር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ነች የምትስበው። በበጋ ውሃው በጣም የሚሸሸው ቀትር አካባቢ ስለሆነ ለልጆች ይመቻል። የሲያትል አኳሪየም በጎ ፈቃደኞች በእነዚያ ቀኖች ዳርቻው ላይ ቆመው ለጠየቃቸው ሁሉ ያስረዳሉ። በነፃ ነው። ልጄ እዚያ የሰማችውን ዓመት ሙሉ ስትነግረኝ ኖራለች።

መሃል ከተማውም ተለውጧል። ታክሲ የነዳችሁ ባሕሩን ጋርዶ የቆመውን ባለ ሁለት ፎቅ መንገድ ታስታውሱታላችሁ። በ1953 ተከፍቶ በ2019 ፈረሰ። ለኛ ለሹፌሮች ከላይ ያለው እይታ ሸጋ ነበር፤ ከሥሩ ለሚሄደው እግረኛ ግን ጨለማና ጫጫታ ነበር። አሁን ከፓይክ ፕሌስ ገበያ እስከ ውሃው ድረስ በዛፍና በአበባ መካከል ደረጃ ወርዳችሁ ትደርሳላችሁ። ያ መሻገሪያ በ2024 ነው የተከፈተው። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባችሁ ወደ ገበያ አዳራሽ ብቻ አትውሰዱት።

አሁን ግን ለወላጆች አንድ ከባድ ነገር እላለሁ። ውሃው ይገድላል። ባሕሩ በበጋም ቢሆን ከ13 ዲግሪ ብዙ አይበልጥም። ሐይቁ ላዩ ይሞቃል፣ ትንሽ ወደ ታች ሲኬድ ይቀዘቅዛል። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሳይፈልግ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ውሃ ይገባበታል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ይሰምጣል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዋና የምትችሉ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ወረቀቴ ላይ «ጥቂት እጅ ይወጣል» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ይኸው። እኔም አልችልም። ልጆቻችን ግን መቻል አለባቸው። ሬኒየር ቢች የከተማው መዋኛ ገንዳ አለ፣ ትምህርት ይሰጣል፤ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ቅናሽ ጠይቁ። በበጋ ደግሞ ነፍስ አድን ሠራተኛ በሚቆምባቸው ዳርቻዎች ብቻ ይዋኙ።

ሌላው የሚያንገበግበኝ የሰፈራችን ነገር ነው። ጁን 28 ቀን 2021ን የማያስታውስ የለም። ኤርፖርቱ ላይ 108 ዲግሪ ፋራናይት ተመዘገበ፣ በሴልሺየስ 42 ማለት ነው። ያን ቀን አውቶቡሴን ይዤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስወርድ ጥላው እየሳሳ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። የከተማው የራሱ ጥናትም ይኸው ነው የሚለው። በ2021 በዛፍ ጥላ የተሸፈነው የከተማው መሬት 28 በመቶ ነበር፤ ከዚያ አምስት ዓመት በፊት ከነበረውም ቀንሷል። ብዙ ስደተኛና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው በሚኖርበት ሰፈር ደግሞ የባሰ ነው። ጥላ የሌለው አስፋልት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ከተማው ለነዋሪዎች በነፃ ችግኝ ያድላል፤ ግቢ ያላችሁ ጠይቁ። ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አማርኛ በዚህ ከተማ የተደበቀ ቋንቋ አይደለም።

ግቢ የሌላችሁ መሬት ታገኛላችሁ። ፒ ፓች የሚባለው የጋራ ጓሮ በ1973 ነው የተጀመረው። ፊደሏ ፒካርዶ ከሚባሉ ጣልያናውያን ስደተኞች የመጣች ነች፤ የእርሻ መሬታቸው ነበር። ዛሬ በከተማው ከ80 በላይ ጓሮዎች አሉ። ወረፋ አለው፤ ቢሆንም ተመዝገቡ። ከእኛ ተጓዦች አንዱ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ይተክላል። ጤና አዳሙን ለቡና እየቆረጠ ያመጣልናል። ጎረቤቱ ፈረንጅ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው «መድኃኒት ነው» ብሎት ሰውዬው በዓመቱ የራሱን ተከለ።

ለወጣቶቹ ተራራም አለላችሁ። ሬኒየር 4,392 ሜትር ነው። ራስ ዳሽን ከ4,500 በላይ ነው፤ እንዳትደነግጡለት። ለመጀመሪያ ቀን ግን ሬኒየርን ተዉት። ራትልስኔክ ሌጅ ደርሶ መልስ አራት ማይል ነው፣ ከመሃል ከተማ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ፤ መኪና ለማቆምም ልዩ ፈቃድ አይጠይቅም። ስሙ የእባብ ስም ነው። አትፍሩ፣ ከካስኬድ ተራሮች በምዕራብ በኩል ባለው አገር ያ እባብ የለም። ሰባት ሰዓት ከመሆኑ በፊት፣ በኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ድረሱ፤ አለበለዚያ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ከተራራው የበለጠ ያደክማችኋል።

ልጨርስ ነው።

ባለፈው ክረምት ሱዋርድ ፓርክ ጠረጴዛ ላይ በትንሿ ቡታጋዝ ቡና አፈላን። ቡናው ሲቆላ ጭሱ በሐይቁ ላይ ሄደ። በየቀኑ በእጃቸው ተያይዘው የሚሄዱ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ቬትናማውያን አሉ። ዓመት ሙሉ አንገት ብቻ ነበር የምንነቃነቀው። ያን ቀን ቆሙ። እኚያ እናታችን በአማርኛ «ቁጭ በሉ እንጂ» አሏቸው። ቁጭ አሉ። አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው ጠበቁን።

የፊታችን ቅዳሜ በ9 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት፣ ሱዋርድ ፓርክ መግቢያው ላይ እንገናኝ። ዘጠኝ ስል ዘጠኝ ነው፣ ዘጠኝ ተኩል አይደለም። በአውቶቡስ የምትመጡ 50 ቁጥርን ያዙ፤ ሹፌሩን ሰላም በሉት። እግሩ የሚያመው ሰው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ማንም አያስቸኩለውም። ቡናውንና ቡታጋዙን እኔ እይዛለሁ። ስኒ ግን ዘጠኝ ብቻ ነው ያለኝ፤ የምትመጡ ስኒያችሁን ይዛችሁ ኑ።